በአጥር ዳር ለሚቆሙ ትልልቅ ቁጥቋጦዎች አመራረጥ

በአዲስ አበባ አንድ ሰው ቤት ሠርቶ፥ አጥሩንም አጥሮ ግቢውን ለማሳመር ሲነሣ፥ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አበባ ነው። ወደ ችግኝ ሻጭ ሄዶ በዚያ ቀን ያበበውን ገዝቶ ይመለሳል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው ግን ከአበባው መደብ በስተኋላ አጥሩን ሸፍኖ የሚቆመው ትልቁ ቁጥቋጦ መመረጥ ያለበት በሁለት ነገሮች፥ ይኸውም በጎኑ ስፋትና በቅጠሉ መሆኑን ነው።

ስፋቱን እናስቀድም። ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ወርዱ 10 ሜትር፥ ርዝመቱ 17 ሜትር የሆነ ግቢ እንውሰድ። ጠቅላላው 170 ካሬ ሜትር ነው፤ ቤቱና ማድቤቱ 90 ቢይዙ 80 ይቀራል። በኋላው አጥር ዳር 3 ሜትር የሚሰፋ ቁጥቋጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢተከል 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ልጆች ለሚጫወቱበት፥ ልብስ ለሚሰጣበትና ለድግስ ድንኳን ለሚጣልበት የሚተርፈው 50 ብቻ ነው። ይህ ሒሳብ በችግኝ መግዣው ቀን አይታይም፤ ችግኙ ክንድ አይሞላምና። ስለዚህ ገዢው 4 በሚበቃበት ቦታ 20 ይደረድራል።

ከአጥሩ የሚርቅበት ልክ፥ ተክሉ ሙሉ ሲያድግ የሚኖረው ስፋት እኩሌታ ነው። 3 ሜትር የሚሰፋው በግማሽ ሜትር ላይ የተተከለ እንደሆነ 1 ሜትሩ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ ቅጠሉም የጎረቤቱን አሸንዳ ይደፍናል። በጉርብትና መካከል ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ወደ ቅጠሉ ስንመለስ፥ የብዙው ቁጥቋጦ አበባ የጥቂት ሳምንት ነው፤ ቅጠሉ ግን 13ቱንም ወር ይታያል። በኋላ የሚቆመው ተክል ቅጠሉን የማያረግፍና ከፊቱ ያለውን አበባ የሚያጐላ መሆን አለበት። በእኛ አስተያየት ለዚህ ጌሾን የሚያህል ጥቂት ነው። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴና የሚያብለጨልጭ ሲሆን፥ የራሱ አበባ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ነጭ ወይም ቢጫ አበባ ከፊቱ ቢተከል ደምቆ ይወጣል። ለጠላና ለጠጅ ስለሚፈለግ ሰው ከጓሮ ተክል እንጂ ከጌጥ አይቈጥረውም። ይሁን እንጂ ቅጠሉ በየጊዜው ሲለቀም መጠኑን ጠብቆ መኖሩ ለጠባብ ግቢ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጌሾ እርጥበት ይወዳል። መሬቱ ድንጋያማ፥ ውሃውም ሩቅ የሆነ እንደሆነ ክትክታ ይሻላል፤ ሲከረከምም ይጠቀጠቃል። በእንጦጦ አቅራቢያ ላለ ብርዳማ ግቢ ደማቅ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ይስማማል። ቀጋና ኮሽም እሾሃም ስለሆኑ ለመንገድ በኩል አጥር ደግ ናቸው፤ ልጆች ከሚሮጡበት ግን ይራቁ። ለችግኝ የሚያወጣው ገንዘብ ለሌለው ሰንሰል አለ፤ ቅርንጫፉ ተቈርጦ ቢተከል ይጸድቃል።

ባሕር ዛፍን በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወደ ከተማይቱ ያስገባት የማገዶ እጥረት ነው፤ ለጠባብ ግቢ የሚሆን ተክል አይደለም። ኦሊያንደር የሚባለው አበባው ቢያምርም ከሥሩ እስከ ቅጠሉ መርዝ ስለሆነ ሕፃን ባለበት ቤት አንመክረውም። የወፍ ቆሎም ፍሬውን ወፎች እየበተኑት ከግቢ ወጥቶ የግጦሽ መሬት ይወርራል፤ ከብትም ይመርዛል።

መትከያው ጊዜ ዝናቡ ከረጋ በኋላ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያለው የመጀመሪያው በጋ ከሁሉ ይከፋልና፥ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ሥሩን አዘውትሮ ማጠጣት ያስፈልጋል። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ክትክታው ራሱን ይችላል፤ ጌሾው ግን በየበጋው ውሃ ይጠይቃል።