«ሲስተር» ብሎ የጠራኝ ሰው

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቡና እየቆላሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ሲስተር፣ እንደምን አደሩ?» አለኝ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ «ሲስተር» ብሎ የሚጠራኝ የድሮ ባልደረባ ወይም የድሮ ታካሚ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያዋ ቃል ሰውየውን አምኜዋለሁ ማለት ይቻላል። ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንደሚደውል ነገረኝ። ቀጥሎ የበኩር ልጄን ስም ጠራ። መኪና ገጭቶት እንደመጣ፣ ራሱን እንደሳተ፣ የጭንቅላት ሲቲ ስካን በአስቸኳይ እንደሚያስፈልገው አስረዳኝ።

ቡናው ሲያር እንኳ አልታወቀኝም።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ትንሽ ልበል። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት ድንገተኛ ክፍል ነበርኩ። የተገጨ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የአየር ቧንቧው፣ ቀጥሎ አተነፋፈሱ፣ ከዚያ የደም ዝውውሩ ይታያል። የካርድና የገንዘብ ነገር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘብ ሲጠየቅም በካሸር መስኮት ነው፣ በደረሰኝ ነው። በሥራ ዘመኔ አንዲትም ነርስ ለታካሚ እናት ደውላ «በዚህ ስልክ ብር ላኪልኝ» ስትል አልሰማሁም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን የማውቀው ነገር ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። ነርሷ የለችም፤ እናት ብቻ ነበርኩ።

«የልጁን ስልክ ትራፊክ ፖሊስ ይዞታል፤ እሱ ላይ አይደውሉ። ይህን መስመርም እንዳይዘጉት፣ አሁን ዶክተሩ ያነጋግርዎታል» አለኝ። ከጀርባው የሚያቃስት ሰው ይሰማል። 14,000 ብር በሞባይል እንድልክ አንድ ቁጥር ሰጠኝና ስልኩን ስፒከር ላይ አስደርጎ አንድ በአንድ መራኝ። ቁጥሩን ሳስገባ የተቀባዩ ስም ወጣ። የሆስፒታል ስም አይደለም፣ የአንድ ግለሰብ ስም ነው። አየሁት። አይቼውም ሚስጥር ቁጥሬን አስገብቼ ላክሁ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ «ለደም መግዣ» ብሎ 6,000 ጨመረብኝ። ደም እንደማይሸጥ፣ ከበጎ ፈቃደኞች እንደሚሰበሰብ እኔው ራሴ ለስንት ቤተሰብ ሳስረዳ ኖሬያለሁ! እሱንም ላክሁ።

ነጠላዬን ደርቤ በኮንትራት ታክሲ በረርኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ያለችው ልጅ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አገላብጣ «እናቴ፣ በዚህ ስም የመጣ ሰው የለም» አለችኝ። ያኔ ነው ልጄ ስልክ ላይ የደወልኩት። «እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ምነው? ደህና ነሽ?» አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ «ምንም የለም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አልኩትና ዘጋሁ።

20,000 ብር ለጣሪያ ማደሻ ያጠራቀምኩት ነበር። ስለ ብሩ ግን ብዙ አላለቅስም። የሚቆጨኝ «ምንም የለም» ያልኩት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ልጆቼ «እማዬ አረጀች፣ ስልኳን እንያዝላት» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሰፈሩ «ሲስተር እንኳ ተበላች» ይላል ብዬ አፈርኩ። እኔው ራሴ ስንት እናት ልጇ መድኃኒት ጠጥቶባት በእፍረት ደብቃ ስታስመሽ ተቆጥቻለሁ። «ቶሎ ብታመጪው ኖሮ» ብዬአለሁ። የራሴ ሲሆን ለሦስት ሳምንት ደበቅኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ስልክ መጣ። አሁን ሴት ናት፤ አነጋገሯ የቢሮ ሰው ነው። «ከማጭበርበር ክትትል ክፍል ነው። ባለፈው 20,000 ብር የወሰደብዎት ሰው ተይዟል፤ ገንዘብዎን ልንመልስልዎ ነው» አለችኝ። ለማንም ያልተናገርኩትን የገንዘብ ልክ ስትጠራልኝ እንዴት አላምናት? እንዴትስ አታውቀው? የወሰዱት እነሱ ናቸው። «ለማረጋገጫ አጭር ቁጥር ይገባልዎታል፤ ያንን ያንብቡልኝ» አለች። ቁጥሩ ገባ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ለማንም አትስጡ» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ መነጽሬን ግን አላደረግኩም። አነበብኩላት።

ያ ቁጥር የቴሌግራሜ መክፈቻ ነበር። በዚያው ምሽት በእኔ ስም፣ ከእኔው ፎቶ ጋር፣ ስልኬ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ መልእክት ተላከ። «ትንሽ ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ 5,000 ብር ብትልክልኝ፤ አትደውሉልኝ፣ ታማሚ አጠገብ ነኝ» ይላል። አብረን ዘጠኝ ዓመት የማታ ተረኛ የሠራን ባልደረባዬ፣ እንደ እኔው ጡረተኛ ናት፣ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ ላከች። በእሷ ስም ለእኔ ቢጻፍልኝ እኔም እልክ ነበር።

የነቃችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ሴቷ ልጄ ናት። ለእሷ «ልጄ፣ 500 ዶላር በአስቸኳይ» ተብሎ ተጽፎላታል። መልስ አልጻፈችም፤ በቀጥታ ስልክ ደወለች። «እማዬ፣ አንቺ መቼ ነው እኔን ‹ልጄ› ብለሽ የምታውቂው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተወለደች ጀምሮ የምጠራት በሌላ ስም ነው። ሌባው ስሟን፣ ፎቶዋን፣ የምትኖርበትን ከተማ ሁሉ አግኝቷል። የቤት ስሟን ግን የትም አላገኘውም። ያኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩና ከቡናው ጀምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

የበኩር ልጄ በሌሊት መጣ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ምንም አላለኝም። ስልኬን ተቀብሎ ቴሌግራም ውስጥ «ሴቲንግ» ገባ፤ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፈተና የማናውቀውን ስልክ አሳየኝ። አሽቀንጥሮ አስወጣው። ለካ አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ማስወጣት የሚችለው አንድ ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ባናደርገው ኖሮ በማግስቱ የምንባረረው እኛ ነበርን። ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን አበራልኝ። አሁን ያቺን አጭር ቁጥር ማንም ቢያገኛት እኔ ብቻ የማውቀው ሌላ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እናንተም ዛሬ እሑድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቤት ከመጣ ምሳ ሳይቀርብ አስደርጉት።

«ከየት አገኙኝ?» ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። መልሱ ቀላል ነው፤ ከራሴ። ፌስቡክ ላይ ስሜ «ሲስተር» ብሎ ይጀምራል። የልጄን የምረቃ ፎቶ ከነስሙ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስልክ ቁጥሬ ደግሞ የዕድራችን ጸሐፊ ለመዋጮ ብሎ በቴሌግራም በለቀቀው ዝርዝር ላይ አለ። ይህ ብቻ በቂ ነው። ቁጥራችሁን የያዘ ሰው ብር የሚልክላችሁ መስሎ ሲያስገባው ሙሉ ስማችሁ ይወጣለታል። ስለዚህ ስማችሁን አውቆ መጥራቱ ምንም አያረጋግጥም።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ሳጅን ትሑት ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ የተላከበትን ቀንና ሰዓት፣ የተላከበትን ቁጥር፣ የግብይት ቁጥሩን ነው። ያ ሁሉ በእጅ ስልኬ መልእክት ውስጥ ነበር። እኔ ግን ልጆቼ እንዳያዩብኝ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። እባካችሁ፣ ተናዳችሁም ሆነ አፍራችሁ መልእክት አታጥፉ። ገንዘቡ የወጣበት ድርጅት ዘንድም በዚያችው ሰዓት መደወል ይገባል። ሌባው ብሩን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው አዛውሮ እስኪያወጣው ድረስ ያለችው ጊዜ በጣም አጭር ናት፤ እኔ ሦስት ሳምንት ሰጠሁት። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ማታለልንም፣ የሰውን ማንነት መስረቅንም በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ «ይህን ማን ይሰማኛል» ብላችሁ አትቅሩ። የእኔ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም።

ድሮ እናቶቻችን ብራቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ነበር የሚይዙት። ሌባ ቢመጣ በእጁ ነበር የሚመጣው፤ መርካቶ ውስጥ «ወርቅ ወድቆ አገኘን፣ እንካፈል» የሚሉትን ሁላችንም እናስታውሳለን። ቴሌብር በ2013፣ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ መቀነታችን ስልካችን ሆኗል። ለእኔ ዕድሜ ሰው ምቾቱ ብዙ ነው፤ የመብራቱን ክፍያ ቤቴ ቁጭ ብዬ እከፍላለሁ። ልጆቼ እንደፈራሁት ስልኬን አልቀሙኝም፤ እኔም አልተውኩትም።

የተውኩት መቸኮልን ነው። አሁን ማንም ከባንክ፣ ከቴሌ፣ ከሆስፒታል፣ ከፖሊስ ነኝ ብሎ ቢደውልልኝ «እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብዬ እዘጋለሁ። የምደውለው እሱ በሰጠኝ ቁጥር አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፤ ንግድ ባንክ 951 ነው። የሌላውን ባንክ ቁጥር ከካርዱ ጀርባ ወይም ከደብተሩ ላይ አይቼ በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ «መልሼ እደውላለሁ» ሲባል አይቆጣም። «እንዳይዘጉት! አሁኑኑ!» የሚለው ያ ሌላው ነው።

በስልክ የምትገባውን አጭር ቁጥር ደግሞ እንደ ፊርማዬ ነው የማያት። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሜ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው እሰጣለሁ? ይህ ለፋይዳ መታወቂያችንም ይሠራል። ባለ 12 አኃዙን ቁጥር ሰው ቢያየው እንኳ፣ ባንክ ውስጥ ማንነታችንን ለማረጋገጥ ወደ ተመዘገበው ስልካችን የምትላከው ቁጥር በእጃችን ናት። እሷን ከሰጠን ግን እኛን ሆኖ መቅረብ ይችላል። ለፋይዳ ምዝገባ ብሎ ቤት ለቤት ብር የሚሰበስብ ካያችሁም፣ ምዝገባው በነጻ ነው።

«በስህተት 3,000 ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ለጎረቤቴ ደርሷታል። ልክ ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት አስቀድሞ ገብቶላታል። ላኪው ግን ተራ የስልክ ቁጥር ነበር። መልእክቱን ትታ ሒሳቧን ስታይ የገባ ብር የለም። ያልቆረጡት ሎተሪ ደረሰዎ የሚሉትንማ ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ጋውን ለብሰው በቴሌግራም «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» መድኃኒት የሚሸጡት ላይ ብዙ የምለው አለኝ፤ ለሌላ ሳምንት ይቆየኝ።

ባልደረባዬ ዘንድ 5,000 ብሯን ይዤ ሄድኩ። አልቀበልም አለች። «የላኩት ለአንቺ ነው፣ ለሌባ አይደለም» ብላ ፖስታውን ወደ ቦርሳዬ መለሰችው። ተጨቃጨቅን፤ የመጀመሪያውን 1,000 ብር ሶፋዋ ሥር ደብቄላት ወጣሁ። በየወሩ ጡረታ ስቀበል እንዲሁ አደርጋለሁ፤ አሁን ሁለት ይቀረኛል።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ አንድ ቃል አበጅተናል። እኔ፣ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ብቻ የምናውቀው ነው። ማንኛችንም ገንዘብ ስንጠይቅ፣ ድምፃችን የራሳችን ቢሆን እንኳ፣ መጀመሪያ ቃሉ ይጠራል። ዛሬ ድምፅም በኮምፒውተር ይመሰላል ይላል የበኩር ልጄ። ቃሉ የትም አልተጻፈም። ትንሿ የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከሁላችንም አጥብቃ የያዘችው እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ደሴ ያለው ታናሽ ወንድሜ በአዲስ ቁጥር ደወለ። ስልኩ መጥፋቱን፣ አዲስ ሲም ማውጣቱን ነግሮኝ ለመሳፈሪያ ትንሽ ብር እንድልክለት ጠየቀኝ። «ቃሉን ንገረኝ» አልኩት። «የምን ቃል?» አለ። ዘጋሁበት። ሚስቱ ጋ ስደውል ለካስ እሱ አጠገቧ ቆሟል፤ ስልኩን ነጥቋት «እህት ዓለም፣ እኔን? እኔን ሌባ?» እያለ ጮኸብኝ። ብሩን ወዲያው ላክሁለት። እስከ ዛሬ ግን አኩርፏል። ለመስቀል ይመጣል፤ ያኔ ቃሉን በጆሮው እነግረዋለሁ።