በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል
ኮምፒዩተር ለሚማሩ ወጣቶች

በውጭ አገር ኮሌጆች ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ትምህርታቸው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አንድ ፕሮግራም ሠርተው እንዲያስረክቡ ይታዘዛሉ። መምህሩ ታዲያ ፕሮግራሙን ብቻ አይቀበልም። ለምን እንደታሰበ፣ እንዴት እንደተሠራና እንደተፈተነ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ እንዲሁም በሙያው ቋንቋ «ባግ» የሚባሉት ስሕተቶች የተመዘገቡበት መዝገብ ይጠይቃል። «ፕሮግራሙ ከሠራ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ጽሑፉም ለማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ይተዋል።

ለዚህ ጥያቄ ቴራክ-25 የተባለው በካናዳ የተሠራ የካንሰር ጨረር ሕክምና መሣሪያ ታሪክ በቂ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን በዚህ መሣሪያ ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ጨረር ደረሰባቸው፤ ቢያንስ ሦስቱ ሕይወታቸው አለፈ። ፕሮግራሙን የጻፈው አንድ ሰው ሲሆን፣ አሠራሩን የሚያስረዳ ጽሑፍ እምብዛም አልነበረም።

በመጋቢት 1986 በቴክሳስ ታይለር ከተማ መሣሪያው «ማልፈንክሽን 54» ብሎ ቆመ። ለባለሙያዋ የተሰጣት መመሪያ ግን የቁጥሩን ትርጉም አይናገርም። የአምራቹ መሐንዲሶች መርምረው ስሕተቱን ሊያገኙት ስላልቻሉ መሣሪያው ወደ ሥራ ተመለሰ፤ በሚያዝያ ሌላ ሕመምተኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ ፊዚሲስት ከባለሙያዋ ጋር ተቀምጦ፣ እሷ ቁልፎቹን የነካችበትን ቅደም ተከተል ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻም ምስጢሩ ተገኘ፤ የጨረሩ ዓይነት ተሳስቶ ተጽፎ በጣም በፍጥነት ሲታረም ፕሮግራሙ እርማቱን በትክክል አይቀበልም ነበር። አምራቹም ስሕተቱን ራሱ ደግሞ ማየት የቻለው ፍጥነቱ ወሳኝ መሆኑ ከተነገረው በኋላ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። «አይሠራም» ማለት ሪፖርት አይደለም። ጥሩ ሪፖርት የትኛው የፕሮግራሙ እትም በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደነበረ፣ ምን ምን በቅደም ተከተል እንደተነካ፣ ምን እንደተጠበቀና በምትኩ ምን እንደታየ ይናገራል። ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት ቃል በቃል ይገለበጣል። ስሕተቱ ሁልጊዜ ወይስ አንዳንዴ እንደሚመጣም ይጻፋል። ለአንድ ስሕተት አንድ ሪፖርት ይበቃል፤ የሚወቀሰውም ፕሮግራሙ እንጂ ጓደኛ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ስሕተትን ማስመዝገብ ለማዳን እንጂ ለማሳፈር አይደለም።

በክፍል ሥራ የሚቀነሰው ነጥብ ነው፤ ልማዱ የሚያዘው ግን እዚያ ነው። ጽሑፉን ከፕሮግራሙ ጋር ጎን ለጎን፣ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት መጻፍ ይቀላል። ከማስረከብ በፊትም በሥራው ላይ ላልነበረ ተማሪ ጽሑፉን ብቻ ሰጥቶ፣ ሳይጠይቅ ፕሮግራሙን ማስነሳት ይችል እንደሆነ ማየት ነው። እሱ የቆመበት ቦታ፣ ጽሑፉ የጎደለበት ቦታ ነው።