አንገቱን የማይደፋ ቤዝ፦ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ሚዛንና ምቾት

የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ሚዛን አለው የሚባለው፣ ተጫዋቹ ሁለቱንም እጆቹን ሲለቅ መሣሪያው በማንገቻው ላይ በነበረበት ማዕዘን ጸንቶ ሲቆይ ነው። ምቾት ከዚህ ይሰፋል፤ ክብደቱን፣ የቦዲው ጠርዝ ጎድን የሚነካበትን መንገድ፣ ቀኝ ክንድ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ግራ እጅ አንደኛው ፍሬት ላይ ለመድረስ የሚዘረጋውን ርቀት ሁሉ ይይዛል። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ስለሆነ በ2026 መሣሪያው 75 ዓመት ይሞላዋል። ፋብሪካዎች ያንኑ ቅርጽ ዛሬም እየደጋገሙ ይሠራሉ፤ በጎኑ ደግሞ አንድ ጊዜ ተረስተው የነበሩት ራስ አልባ (በአንገታቸው ጫፍ የመቃኛ ቁልፍ የማይሰቀልባቸው) ቤዞች ወደ ገበያው ተመልሰዋል። የሁለቱ ጎን ለጎን መቆም የሚዛንን ጉዳይ እንደገና አንስቶታል።

ቤዝ ከሌላው ጊታር ይልቅ ለሚዛን የሚያስቸግረው በርዝመቱ ነው። የተለመደው ቤዝ የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86.4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የኤሌክትሪክ ጊታር ግን 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ረጅም አንገት ጫፍ ላይ አራት ወፋፍራም የመቃኛ ቁልፎች ይሰቀላሉ፤ አምስት ክር ባለው ቤዝ ላይ አምስት ይሆናሉ። የመሣሪያው የስበት ማዕከል አብዛኛውን ጊዜ አንገትና ቦዲ በሚገናኙበት አካባቢ ይውላል። ማንገቻው የሚታሰርባቸው ሁለት ነጥቦች ይህን ማዕከል መሃላቸው አድርገው ከያዙት ቤዙ ጸጥ ብሎ ይንጠለጠላል። የላይኛው ነጥብ ክሮቹ ቦዲው ላይ ወደሚያርፉበት ብሪጅ በጣም ከቀረበና ማዕከሉ ከሱ አልፎ ወደ አንገቱ ከወጣ መሣሪያው አንገቱን ይደፋል፤ ተጫዋቹም በግራ እጁ እየደገፈ ለመጫወት ይገደዳል። የሚሸከም እጅ ደግሞ እንደልቡ አይጫወትም፤ አውራ ጣቱ ይጨብጣል፣ አንጓው ይታጠፋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክንዱ ይዝላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነው፦ ክብደትና ሚዛን አንድ አይደሉም። አምስት ኪሎ የሚመዝን ቤዝ ሚዛኑን ጠብቆ ሊቆም ይችላል፤ ሦስት ኪሎ የማይሞላው ደግሞ አንገቱን ሊደፋ ይችላል። ወሳኙ የላይኛው የማንገቻ ቁልፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይኸው ነጥብ ሌላም ነገር ይወስናል፤ ቁልፉ ወደ ብሪጁ ባፈገፈገ ቁጥር መሣሪያው በሙሉ ወደ ተጫዋቹ ግራ ይሸሻል፣ አንደኛው ፍሬትም ከእጅ ይርቃል።

በአግድም የሚያዝና ፍሬት ያለው የኤሌክትሪክ ቤዝ በ1930ዎቹ ሲያትል ላይ በፖል ታትማርክ ተሠርቶ ነበር፤ ብዙም ሳይስፋፋ ቀረ። ፌንደር በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ግን ከዚያው ፋብሪካ ቴሌካስተር የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር ይዞ መጣ፤ የቦዲው የላይኛው ቀንድ ረዝሞ እስከ 12ኛው ፍሬት አካባቢ ተዘረጋ። ማንገቻው በዚያ ጫፍ ሲታሰር የረጅሙ አንገት ጫና መልስ አገኘ። ያ ቀንድ ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ቤዞች በሙሉ ሊመዘኑ የሚገባው በሱ ነው። የመጀመሪያው ፕሪሲዥን ጉድለት ጠርዙ ነበር። ቦዲው እንደተላገ ጣውላ ጠፍጣፋ ስለነበር ጎድንና ክንድ ይቆርጥ ነበር። በ1954 ስትራቶካስተር ጀርባውና ክንድ ማረፊያው ተጎርዶ ሲወጣ ያው አሠራር ወደ ቤዙም ተሻገረ። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ወገቡን አዛነፈ፣ አንገቱንም በጫፉ በኩል ከ44 ወደ 38 ሚሊ ሜትር ግድም አጠበበ፤ ትንሽ እጅ ላለው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጊብሰን በሌላ መንገድ ሄደ። የ1953ቱ ኢ.ቢ-1 ቫዮሊን መሰል ነበር፤ በ1961 የወጣው ኢ.ቢ-3 የኤስ.ጂ. ጊታርን ቀጭን ቦዲና አጭር ቀንዶች ወረሰ። በ1963 የመጣው ተንደርበርድ በመኪና ንድፍ የታወቀው ሬይ ዲትሪክ የሳለው፣ ለዓይን እጅግ ያማረ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የላይኛው ክንፉ አጭር ነው፤ አንገት በመድፋት የታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ማንገቻውን ከፊት ወደ ጀርባው፣ ወደ አንገቱ ሥር ማዛወርም ችግሩን አያጠፋውም። ውበት ሚዛንን ሲጫን ዋጋውን የሚከፍለው የተጫዋቹ ግራ ትከሻ መሆኑን ከዚህ ቤዝ በላይ የሚያሳይ የለም። ከ1956 ጀምሮ የተሠራው የጀርመኑ ሆፍነር 500/1 ውስጡ ክፍት፣ ክሩም 30 ኢንች ብቻ ስለሆነ በጣም ቀላል ነው፤ ፖል ማካርትኒ ሃምቡርግ ውስጥ በ1961 የገዛው ይህን ነው።

በመስኩ ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ሙዚቀኛ አልነበረም። ኔድ ስታይንበርገር ብሩክሊን ውስጥ የእንጨት ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የሥራ ቦታ ተከራይቶ የቤት ዕቃ የሚነድፍ ሰው ነበር፤ እዚያው ቤዝ የሚሠራውን ስቱዋርት ስፔክተርን አገኘ። ወንበር የሚነድፍ ሰው ነገሩን የሚጀምረው ከሚቀመጥበት ገላ ነው። በ1977 ለስፔክተር የነደፈው ኤን.ኤስ. ቤዝ ቦዲው በጀርባ በኩል ጎድጎድ፣ በፊት በኩል ጎበጥ ያለ በመሆኑ ደረት ላይ ልክ ገብቶ ይቀመጣል። ጀርመኖቹ ዋርዊኮችም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስትሪመር ባሉት ቤዛቸው ይህንኑ ጉብጠት ተከትለዋል።

ስታይንበርገር በዚህ አልቆመም። አንገት የሚደፋው ራሱ ስለሚከብድ ከሆነ ራሱን ለምን አናስወግደውም አለ። በ1980 ግድም ለገበያ የቀረበው ኤል-2 ራስ የለውም፤ የመቃኛ ቁልፎቹ ከብሪጁ ኋላ ተሰልፈዋል፣ አንገትና ቦዲው ከካርቦን ጭረትና ከሙጫ የተሠራ ነው፣ ቦዲውም ከአንድ ጠባብ ሣጥን አይበልጥም። ቀንድ ስለሌለው ማንገቻው ጀርባው ላይ በተገጠመ የሚሽከረከር ክንፍ ላይ ይታሰራል፤ ቁጭ ብሎ ለሚጫወት ደግሞ ጭን ላይ የሚያርፍ ተዘርጊ እግር አለው። ታዋቂ ቤዝ ተጫዋቾች፣ እነ ጌዲ ሊ፣ ስቲንግና ቶኒ ሌቪን፣ በ1980ዎቹ ይዘውት ወጡ።

ክርክሩ የጀመረው ወዲያው ነው፤ አሁንም አልበረደም። ተቃዋሚዎቹ ካርቦኑ ድምፁን ያቀዘቅዘዋል፣ መሣሪያውም መሣሪያ አይመስልም ይላሉ። ሁለተኛው የጣዕም ጉዳይ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ካርቦን እንጂ ስለ ራስ መኖር አለመኖር አይደለም፣ ከእንጨት የተሠራ ራስ አልባ ቤዝም ይቻላልና። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ኤል-2 በሁለቱም ጫፍ ኳስ ያለው ልዩ ክር ይፈልጋል። ኒው ዮርክ ላይ ይህ ቀላል ችግር ነው፤ ተራ የቤዝ ክር እንኳ ሁልጊዜ በማይገኝበት አዲስ አበባ ግን መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማስቀመጥ ማለት ነው። አይባኔዝ በ2020 ያወጣው ኢ.ኤች.ቢ. የተባለው ቤዝ እንቅፋቱን አነሳው፤ በአንገቱ ጫፍ ያለው መቆንጠጫ ተራውን ክር አጥብቆ ይይዛል፣ ትርፉ ይቆረጣል። ስታይንበርገር ያየው ነገር ለተራው ተጫዋች የሚቀርበው እንዲህ ባለች ትንሽ መቆንጠጫ ነው።

ራስ ያለውን ቤዝ ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ፦ ከራሱ መቀነስ ወይም ወደ ጅራቱ መጨመር። ስሌቱ ቀላል ነው። የመቃኛ ቁልፎቹ ከስበት ማዕከሉ 70 ሴንቲ ሜትር፣ የቦዲው ጅራት 35 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ፣ አራቱን ከባድ ቁልፎች በቀላል አሉሚኒየም ቁልፎች ለውጦ 200 ግራም ማውረድ፣ በጅራቱ በኩል 400 ግራም እርሳስ ከማሰር ጋር እኩል ይሠራል። የመጀመሪያው 4.2 ኪሎ የነበረውን ቤዝ 4 ኪሎ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው 4.6። ስለዚህ በጅራት ላይ እርሳስ ማንጠልጠል የጨነቀው ሰው መፍትሔ ነው። ሰፊና ውስጡ ሻካራ የሆነ የቆዳ ማንገቻም ትከሻ ላይ እንዳይንሸራተት በማድረግ ያግዛል፤ ናይለኑ ግን ያባብሳል። እንደ ተጠማዘዘ አንገት ያሉ ፈጠራዎች በዋናነት የአንጓን መታጠፍ የሚመለከቱ ናቸው፤ ከቦዲ ሚዛን ጋር ያላቸው ዝምድና ሩቅ ነው።

በኢትዮጵያ ቤዝ ጊታር ከዘመናዊው ባንድ ጋር አብሮ አድጓል። የአይቤክስና በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ጊታሪስት ጆቫኒ ሪኮ፣ የዋሊያስ ባንዱ መላከ ገብሬ፣ የ1970ዎቹን የሆቴልና የክለብ መድረክ በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ በዚያ ዘመን ባንድ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ይሠራ ነበር። የእነሱን ድምፅ የሚተነትን አድማጭ ብዙ ነው፤ ትከሻቸው የተሸከመውን ግን የሚያነሳ የለም። ጭክጭካ የተባለው ምት ደግሞ ለቤዝ ዕረፍት አይሰጥም፤ አንድ መስመር ያለማቋረጥ ይመላለሳል፣ ግራ እጅም ደግፎ ለመጫወት ጊዜ አያገኝም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በጎጎል ቦርዴሎ ባንድ የታወቀው ቤዝ ጊታሪስት ቶማስ ጎበና የተጫወተበት መድረክም ጸጥ ብሎ የሚቆምበት አይደለም። እንዲህ ለሚጫወት ሰው አንገቱን የማይደፋ ቤዝ ቅንጦት አይሆንም።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቃሊቲ ከሚኖር ተጫዋች አንጻር ነገሩ ሌላም ገጽ አለው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር ቃሊቲን ከምኒልክ አደባባይ ያገናኛል፤ ከዚያ ውጪ ያለው መንገድ የሚኒባስ ታክሲና የአውቶቡስ ነው። ራስ ያለው ቤዝ 1.15 ሜትር ግድም ይረዝማል፣ በጠንካራ ሣጥኑ ሲሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ራስ አልባው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚያጥር በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ በጉልበት መሃል ይቆማል። የመጫወቻው ጊዜ ሦስት ሰዓት ከሆነ የመሸከሚያው ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላልና ይህም ከምቾት ይቆጠራል።

እዚያው ሰፈር ለችግሩ የሚሆን እጅም አለ። ቃሊቲና አቃቂ የብረታ ብረት ሥራ አካባቢ ናቸው፤ ቆርቆሮና አሉሚኒየም ቆርጦ፣ ሰርስሮ፣ ሞርዶ የሚያወጣ ባለሙያ አይታጣም። አጭር ቀንድ ላለው ቤዝ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ 36 ግራም ብቻ ይመዝናል። ከቦዲው ጀርባ በሁለት ብሎን ታስሮ የማንገቻ ቁልፉን ወደ 12ኛው ፍሬት ካደረሰው ተንደርበርድንም ሆነ ኤስ.ጂ. መሰሉን ቤዝ ያቀናል። ከብረት ቢሠራ ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። አንዱ ብሎን ወደ አሮጌው የማንገቻ ቀዳዳ ቢገባና የሰሌዳው ጠርዝ በደንብ ቢሞረድ ቤዙ ብዙም አይጎዳም፣ ሸሚዝም አይቀደድም።

ቦዲውን እዚሁ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ዋናው ጥያቄ እንጨቱ ነው። ፌንደር ከ1956 ወዲህ በብዛት የተጠቀመበት አልደር በሜትር ኩብ 450 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ለከበሮና ለክራር የሚመረጠው ዋንዛ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ እንኳ ከ700 ያልፋል። አንድ ቦዲ 4,800 ሴንቲ ሜትር ኩብ ግድም እንጨት ይዟል ቢባል በአልደር ክብደት 2.2 ኪሎ፣ በባሕር ዛፍ ከ3.3 ኪሎ በላይ ይሆናል። ዋንዛው ለትከሻ ይሻላል። ሆኖም ቦዲው በቀለለ ቁጥር የስበት ማዕከሉ ወደ አንገቱ ስለሚሸሽ፣ ከዋንዛ የሚሠራ ቤዝ ረጅም ቀንድና ቀላል የመቃኛ ቁልፍ የግድ ይፈልጋል። እንጨቱን አቅልሎ ከባዱን ቁልፍ እንዳለ መተው አንገት የሚደፋ ቤዝ መሥራት ነው።

በባህል ባንዶች ዘንድ የቤዙን ቦታ የሚይዘው ቤዝ ክራር ተመሳሳይ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። በተራው ክራር ክብደቱ ያለው ከታች፣ ገበታው ላይ ስለሆነ መሣሪያው በማንገቻ ሲንጠለጠል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ግራ እጅ ከክሮቹ ኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን ክሮች የማፈን ነጻነት አለው። ክራሩ ቤዝ ሲሆን ምሰሶዎቹ ይረዝማሉ፣ ክሮቹ ይወፍራሉ፣ ቀንበሩም ይደነድናል። ክርን በጨርቅ ወይም በቆዳ ጠቅልሎ የመቃኘቱ ልማድ ቀርቶ የጊታር ቁልፍ ቀንበሩ ላይ ሲገጠም ደግሞ የብረት ክብደት እላይ ይወጣል። የስበት ማዕከሉ ከማንገቻው መታሰሪያ በላይ ካለፈ ክራሩ ወደ ፊት ይገለበጣል፣ ግራ እጅም ማፈኑን ትቶ ምሰሶውን ይይዛል። ማንገቻውን በምሰሶው ላይ ከፍ አድርጎ ማሰር ቀላሉ መፍትሔ ነው። ሥር ነቀሉ ግን ቁልፎቹን ከቀንበሩ አውርዶ ከብርኩማው በታች፣ በገበታው ግርጌ መግጠም ነው፤ ክሩ ከላይ ቀንበሩ ላይ ይታሰራል፣ ከታች ይቃኛል፣ ክብደቱም ወደ ገበታው ይመለሳል።