ቶክንዎ ማን ጋ ነው?

ሥራዬ ሒሳብና የድርጅት ሰነድ ነው። ከማገለግላቸው ድርጅቶች አንዳንዶቹ እናት ኩባንያቸው ህንድ ያለ፣ እዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ ፋብሪካ የከፈቱ ናቸው። ዓመታዊ ሰነዳቸው ህንድ ውስጥ በኮምፒውተር ሲገባ ከዚህ በኩል ወረቀቱን የማሟላው እኔ ስለሆንኩ የዚያን አገር አሠራር ከነጓዳው አውቀዋለሁ። በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ሁላችንም የምናውቀው፣ ደንበኛ ፊት ግን የማናነሳው አንድ ጉዳይ አለ። ዛሬ በጆሮዎ ልንገርዎ፤ ነገሩ ወደ እኛም አገር እየመጣ ነውና።

ህንድ ውስጥ ኩባንያ ያለው ሰው ሰነዱን በክላሰር ታቅፎ መዝጋቢ ቢሮ መመላለስ ካቆመ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕግ ለዲጂታል ፊርማ በእጅ የተጻፈ ፊርማ ያለውን ዋጋ ሰጠው። በ2006 ደግሞ የኩባንያ ጉዳዮች ሚኒስቴር ኤምሲኤ 21 የተባለውን ሥርዓት ዘረጋና የኩባንያ ሰነድ በኦንላይን ብቻ እንዲገባ አስገደደ። ዳይሬክተሩ ሒሳቡንም ሆነ ዓመታዊ መግለጫውን የሚፈርመው በዲጂታል ፊርማ ሰርተፍኬት ነው። በየቢሮው «ዲኤስሲ» ይሉታል። የሚቀመጠው ፍላሽ በምትመስል ቶክን ውስጥ ነው።

ቶክኗ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ምስጢራዊ ቁልፉ ነው። ቁልፉ እዚያው ውስጥ ይፈጠራል፣ ከዚያም አይወጣም፤ እንደ ፋይል ኮፒ ላድርገው ቢሉ አይሆንም። ሰነድ ሲፈረም ኮምፒውተሩ የሰነዱን ልዩ አሻራ አስልቶ ወደ ቶክኗ ይልካል፤ ፒኑ ከገባ በኋላ ቶክኗ ያንን አሻራ በቁልፉ ትፈርምበታለች። ከዚያ ወዲያ በሰነዱ ላይ አንድ ቁጥር፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ ፊርማው ዋጋ እንደሌለው ወዲያው ይታወቃል። ሰርተፍኬቱ ደግሞ «ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው» ብሎ የሚመሰክር ነው። የሚሰጡት ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያገኙ ድርጅቶች ብቻ ናቸው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ ሥርዓቱ የሚያውቀው ቁልፉንና ፒኑን ነው። ቁልፉን የሰካው እጅ የማን እንደሆነ አያውቅም፣ አይጠይቅምም።

በር ላይ ያለው ጥበቃ ግን ጠንካራ ነው። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ክፍል 2 የሚባለው ዝቅተኛው ሰርተፍኬት ቀርቶ ክፍል 3 ብቻ ነው የሚሰጠው። አመልካቹ መታወቂያውን ያቀርባል፣ የግብር መለያ ቁጥሩ ይመሳከራል፣ ካሜራ ፊት ቀርቦ በቪዲዮ ማንነቱን ያረጋግጣል። ሌላ ሰው ሊቀርብለት አይችልም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚቆየው ግን ቶክኗ በፖስታ እስክትደርስ ድረስ ነው። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የምትደርሰው ለዳይሬክተሩ ሳይሆን ለሒሳብ ባለሙያው ቢሮ ነው።

አብረውኝ ከሚሠሩት ቢሮዎች በአንዱ ያየሁትን ልግለጽልዎ። ከካቢኔቱ ታችኛው መሳቢያ የጫማ ካርቶን ወጣ። ውስጡ ትናንሽ ቡናማ ፖስታዎች ተደርድረዋል፣ በየፖስታው አንድ ቶክን አለ። በፖስታው ፊት የዳይሬክተሩ ስም፣ የኩባንያው ስም፣ ሰርተፍኬቱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። ከታች፣ በእስክሪብቶ፣ ፒኑ። ብዙዎቹ ፒኖች ቶክኗ ስትገዛ ከነበራት ቁጥር አልተቀየሩም። ከባለቤቶቹ አንዱም ያ ካርቶን የት እንዳለ አያውቅም፤ አንዳንዶቹ ቶክን እንዳላቸውም ዘንግተውታል። ይህ የአንድ ቢሮ ጉድ አይደለም። ሙያው እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሰዎቹ ሌቦች ሆነው አይደለም፤ ይህን በደንብ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። የሚያስገድዳቸው የቀን መቁጠሪያው ነው። የህንድ በጀት ዓመት ማርች 31 ያበቃል፤ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ እስከ ሴፕቴምበር 30 መካሄድ አለበት። ከጉባኤው በኋላ የሒሳብ መግለጫው በ30 ቀን፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ካለፈ ለእያንዳንዱ ቅጽ በቀን 100 ሩፒ ይቆጠራል፣ ጣሪያም የለውም። ስለዚህ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ የአገሩ የሒሳብ ቢሮ ሁሉ እኩለ ሌሊት ድረስ መብራቱ አይጠፋም። ዳይሬክተሩ መንገድ ላይ ነው፣ ልጅ እየዳረ ነው፣ ስልኩ አይነሳም። ወጣቱ ሠራተኛ ከካርቶኑ አንዱን ቶክን ይሰካል፣ ይፈርማል፣ ይነቅላል፣ ቀጣዩን ይሰካል። ጠዋት ለደንበኛው «ሰነድዎ ገብቷል» የሚል መልእክት ይላካል፤ ደንበኛውም ያመሰግናል። ቶክኗን ራሱ ልጠቀም ለሚል ባለቤትም ነገሩ የሚመች አይደለም። የቶክኗ ሶፍትዌር ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይግባባም። በሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም ከግብር መለያው ስም በአንድ ፊደል ከተለየ ገጹ ይመልሰዋል። ሰርተፍኬቱ ቀድሞ በፖርታሉ ላይ ካልተመዘገበም እንዲሁ። ፒኑን ደጋግመው ከተሳሳቱ ቶክኗ ትቆለፋለች። ይህን አንድ ሁለት ጊዜ ያየ ዳይሬክተር «እባክህ አንተው ጋ ትቀመጥ» ቢል አይፈረድበትም።

የሚያስከትለውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ደንበኛዬ እዚህ ፋብሪካ እየመራ የሚኖር ህንዳዊ ነው። በአገሩ ባለው የቤተሰብ ኩባንያ ውስጥም ዳይሬክተር ነው። በመጋዘን ያለ ዕቃ ዋጋ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ተጣልቶ ሒሳቡን አልፈርምም ብሎ ነበር። ከወራት በኋላ ከመዝገቡ በትንሽ ክፍያ የገባውን ሰነድ ኮፒ አወጣ። ሒሳቡ ተፈርሟል። ስሙ አለ፣ ሰርተፍኬቱ ትክክለኛ ነው፣ የፊርማው ቀንና ሰዓት እስከ ሰከንዱ ተመዝግቧል። በዚያ ሰዓት እሱ እዚሁ ፋብሪካው ውስጥ ነበር፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ቶክኗን የያዘው የሒሳብ ቢሮ ደብዳቤ ሲጻፍለት መልሱ አጭር ነበር፦ ቶክኑን በፈቃድዎ ሰጥተውናል፣ ፒኑንም ራስዎ ነግረውናል። እውነት ነው። «ፊርማው የኔ አይደለም» እንዳይል ቁልፉ የሱ ነው። በወረቀት ዘመን ቢሆን የእጅ ጽሑፉ ለምርመራ ተልኮ ሐሰተኛነቱ ይታወቅ ነበር። እዚህ ላይ ግን ሐሰተኛ የሚባል ነገር የለም፤ ፊርማው ትክክለኛ ነው፣ ፈራሚው ብቻ ነው ሌላ። ነገሩ በቤተሰብ ሽምግልና አለቀ፤ የዚያ ዓመት ሒሳብ ግን እስከዛሬ በስሙ ተፈርሞ መዝገብ ላይ ተቀምጧል።

የህንድ ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የዚያው የ2000 ሕግ አንቀጽ 42 የሰርተፍኬቱ ባለቤት ምስጢራዊ ቁልፉን በእጁ አድርጎ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ቁልፉ በሌላ እጅ ከገባ ሳይዘገይ ለሰጪው ድርጅት ማሳወቅ አለበት፤ እስኪያሳውቅ ድረስ ተጠያቂው እሱ ነው። አንቀጽ 66ሲ በበኩሉ የሌላን ሰው ኤሌክትሮኒክ ፊርማ በማጭበርበር የተጠቀመን እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 100,000 ሩፒ መቀጮ ይቀጣል። ነገር ግን ቁልፉን በገዛ እጅዎ ሰጥተው ሲያበቁ ተጭበርብሬያለሁ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ጠበቃዎን ይጠይቁ።

ስለ ቴክኖሎጂው ጥንካሬ የሚከራከሩ ሰዎች ሳገኝ የማነሳላቸው አንድ ታሪክ አለ። በጁላይ 2014 በህንድ ተቆጣጣሪ ሥር ያለው የብሔራዊ ኢንፎርማቲክስ ማዕከል የሰርተፍኬት ክፍል፣ በጎግል አድራሻዎች ስም ያልተፈቀዱ ሰርተፍኬቶች እንዳወጣ ጎግል ደረሰበት፤ ተቆጣጣሪውም ሰርተፍኬቶቹን ሰረዘ። ያኔ የሂሳብ ቀመሩን የሰበረ ማንም አልነበረም። የላላው አያያዝ ነው። ከላይ እንዲህ ከሆነ የጫማ ካርቶኑ ምን እንደሚሆን ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም።

ታዲያ የተጨናነቀ ሰው ምን ያድርግ? ይህኛውን ብዙ ቢሮዎች አይነግሩዎትም፣ ሥራ ስለሚያበዛባቸው። የራስዎን ቶክን ለሌላ ከማዋስ ይልቅ በቦርድ ውሳኔ ሌላ ዳይሬክተር ወይም የኩባንያውን ጸሐፊ በገዛ ቶክኑ እንዲፈርም ይወክሉ። ያኔ መዝገቡ ላይ የሚታየው በእርግጥ የፈረመው ሰው ነው። ሰነዱን የሚያረጋግጠው የሒሳብ ባለሙያም በራሱ ቁልፍ ይፈርማል እንጂ በእርስዎ አይፈርምም። ሌላው፣ ሰርተፍኬት ዕድሜው እስከ 3 ዓመት ቢሆን ነው፤ በኦክቶበር ግርግር መሃል እንዳያበቃብዎ ከሴፕቴምበር በፊት ያሳድሱ። ሰርተፍኬቱ ሲያበቃ የቀድሞ ፊርማዎቼ ይሻራሉ ብለው ግን አይስጉ፤ በጊዜው ጸንቶ ሳለ የተፈረመ ሰነድ፣ በተለይ የጊዜ ማህተም ካለው፣ እንደጸና ይቆያል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በሰርተፍኬት ሰጪዎች ሰንሰለት አናት ላይ የተቀመጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከትሎታል። የግብር ማስታወቂያ በኦንላይን ይገባል፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ እድሳትም እንዲሁ። ለብዙ ነጋዴ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም በሰልፍ ያለፈውን ዘመን አልናፍቅም። የምሰጋው ለልማዳችን ነው። ዛሬ ሒሳብ ሠራተኛው የደንበኛውን ፓስወርድ በደብተሩ ይይዛል። አካውንቱ የተከፈተው በሠራተኛው ኢሜይልና ስልክ ቁጥር የሆነበት ነጋዴ ስንት ነው! ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ነጋዴው የገዛ ግብሩን ማየት ያቅተዋል። በዚህ ልማድ ላይ ሕጋዊ ፊርማ የሚያኖር ቶክን ሲጨመር የህንዱ ካርቶን አዲስ አበባ መጣ ማለት ነው።

ደግነቱ ይህን አያያዝ የሚያስተምረን ሰው አያስፈልገንም። የድርጅት ክብ ማህተም እንዴት እንደሚያዝ እናውቃለን፦ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል፣ ያዡ ሰው በፊርማ ይረከባል፣ ከጠፋ ለፖሊስ ይነገራል፣ በጋዜጣም ይወጣል። ቶክን ከማህተም ይበልጣል፤ ማህተምና ፊርማ በአንድ ላይ ነውና። ከጠፋ በዚያው ቀን ይሰረዝ ዘንድ ለሰጪው ድርጅት ማሳወቅ ይገባል፤ ነገ ዛሬ የሚባል ነገር አይደለም።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። በእምነት የተሰጠንን ቶክን ማስቀመጣችን ለደንበኛው ውለታ የዋልን ያስመስለናል። ክርክር ሲነሳ ግን መጀመሪያ የሚጠራው የእኛ ስም ነው፤ ባልፈረምነው ሒሳብም፣ በፈረምንበት የሰው እጅም። መልሱላቸው። እምቢ ቢሉ የርክክብ ሰነድ አስፈርሙና መልሱላቸው።

እርስዎ ደግሞ ነገ ጠዋት ለሒሳብ ሠራተኛዎ ይደውሉ። ቶክንዎ፣ ቶክን ከሌለዎም የግብርና የንግድ ፈቃድ አካውንትዎ ፓስወርድ ማን ጋ እንዳለ፣ በማን ስልክ እንደተመዘገበ ይጠይቁ። «እኛ ጋ ነው፣ አይስጉ» ካሉዎት ራስዎ ሄደው ይረከቡ፣ ፒኑንም እዚያው ሳሉ ይቀይሩት።