የመጥረቢያ ምልክት በጠዋት ብርሃን

ካሜራ ይዘን አሮጌ የገበሬ መንደር ስንሄድ ብዙዎቻችን ይዘን የምንመለሰው ፎቶ ተመሳሳይ ነው፤ ከሩቅ የተነሳ የእንጨት ቤት፣ ከኋላው ተራራ፣ ከላይ ሰማይ። ያምራል፤ በቤቱ ውስጥ ስለኖሩት ሰዎች ግን ብዙም አይነግረንም። ጀማሪዎችን የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት «ይህ ምን ይሠራበት ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ለዚህ ልምምድ በሰሜን ካሮላይና፣ በግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ኦኮናሉፍቲ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የተራራ እርሻ ሙዚየም እጅግ ይመቻል። አትላንታ ላሉ አንባቢዎች ደርሶ መልስ የአንድ ቅዳሜ ጉዞ ነው። ቤቶቹ አብዛኞቹ ከፓርኩ ልዩ ልዩ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተነቅለው እዚህ የተተከሉ ናቸው። ስለዚህ ከፎቶዎ ሥር «የአንድ ቤተሰብ እርሻ» ብለው አይጻፉ።

ከሁሉ በፊት ወደ ዴቪስ ቤት ይሂዱ። ጆን ዴቪስ በ1900 ገደማ ሲሠራው ቼስትነት የተባለውን ዛፍ ግንዶች ለሁለት እየሰነጠቀ አንዱን ግማሽ በዚህ ግድግዳ፣ ሌላውን ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ አኖረ። ለጭስ ማውጫው ድንጋዩን በበሬ በሚጎተት ሸርተቴ ያመላለሱት የስምንትና የአራት ዓመት ልጆቹ ነበሩ። ሁለቱን ግድግዳዎች ለየብቻ አንስተው ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡና የአንዱን ዛፍ ሁለት ግማሾች ይፈልጉ። ዛሬ እንዲህ ያለ ግንድ አይገኝም፤ ከውጭ የገባ የፈንገስ በሽታ የአሜሪካን ቼስትነት ጨርሶታል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሰዓት ወሳኝ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትመታ ግድግዳው ልሙጥ ይመስላል። ማለዳ ወይም ወደ ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ የመጥረቢያ ምልክት ጥላውን ይጥላል፤ የጠራቢው እጅ የት እንደበረታ፣ የት እንደደከመ የሚታይ ይመስላል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ሊያበራው ሲታገል መስኮቱን ነጭ ያደርገዋል። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ መስኮቱ ላይ ጣትዎን ተጭነው ይያዙና ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ። ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቅር፤ ሰዎቹም የኖሩት እንዲሁ ነው።

በሙዚየሙ ያለውን የአመድ ማጥለያ ብዙ ሰው ገንዳ መስሎት ያልፈዋል። የምድጃ አመድ ተጠራቅሞ ውሃ ይፈስበታል፤ ከሥር የሚንጠባጠበው የሚያቃጥል ፈሳሽ ከስብ ጋር ፈልቶ ሳሙና ይሆናል። ይህን ካወቁ ዓይንዎ ወዲያው ፈሳሹ ወደሚወርድበት ጠርዝ ይሄዳል። የበቆሎ ጎተራውም ግድግዳ ክፍተት ያለው አየር ገብቶ እህሉን እንዲያደርቀው ነው፤ ብርሃኑ በዚያው ክፍተት ሲገባ ወለሉን በሰንበር ይሸነሽነዋል።

ካሜራው የማያሳየውንም ማወቅ ይገባል። ይህ ምድር የቼሮኪ ሕዝብ አገር ነበር። በ1838 አብዛኞቹ በወታደር ተገደው ወደ ምዕራብ ተነዱ፤ እዚሁ የቀሩት ሰዎች ዘሮች ዛሬም ከፓርኩ ድንበር ማዶ፣ በቼሮኪ ከተማና ዙሪያዋ ይኖራሉ። ፓርኩ በ1934 ሲቋቋም ደግሞ ነጮቹ ገበሬዎችም በተራቸው መሬታቸውን ለቀቁ። የቤቶቹን ጸጥታ ያለዚህ ታሪክ ማንሳት ለእኔ ጎደሎ ነው።

መግቢያው ነፃ ነው፤ መኪናዎ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆመ ግን የማቆሚያ ፈቃድ ይገዛሉ። ድሮን ክልክል ነው። በመስኩ ላይ የሚግጡት ኤልክ የተባሉ ግዙፍ አጋዘኖች ከ2001 ጀምሮ ወደ ፓርኩ የተመለሱ ናቸው፤ ቢያንስ 45 ሜትር ይራቁ።

ጊዜ ከተረፈዎ ከእርሻው ጥቂት ራቅ ብሎ የ1886ቱ የሚንገስ ወፍጮ አለ። ጎብኚው ሁሉ ትልቁን የውሃ መንኮራኩር ይፈልጋል፤ የለውም። ድንጋዩን የሚያዞረው ከሥር የተደበቀ የብረት ተርባይን ነው። የእንጨቱን ቦይ ተከትለው ይውረዱና ውሃው ወደ ወፍጮው የሚገባበትን ቦታ ያንሱ።