የብዙኃን ጥቅምና ርትዕ፦ ማኅበራዊ ፍትሕ በምን ይመዘናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። እንዲህ ያለ መንገድ ሲሠራ ወይም ሲሰፋ ተጠቃሚው እጅግ ብዙ ሲሆን ማሳው የሚነካበት አርሶ አደር ግን ጥቂት ነው። በገደላማ ሥፍራ ደግሞ ምትክ መሬት ማግኘት ቀላል አይሆንም። የጥቂቶች ጉዳት በብዙኃኑ ጥቅም ይካካሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁለት የማኅበራዊ ፍትሕ ንድፈ ሐሳቦችን ፊት ለፊት ያገናኛል።

የመጀመሪያው እንግሊዛውያኑ ጄረሚ ቤንተምና ጆን ስቱዋርት ሚል ያስፋፉት የጠቀሜታ ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ መሠረት ትክክለኛው ውሳኔ የእያንዳንዱ ሰው ጥቅምና ጉዳት በእኩል ተቆጥሮ ከፍተኛውን ድምር ጥቅም የሚያስገኘው ነው። የተነሺው ጉዳትም በስሌቱ ይገባል፤ የሌሎች ጥቅም ከበለጠ ግን ውሳኔው ይጸናል።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት፣ ፍትሕን በርትዕ የሚመዝነው ንድፈ ሐሳብ ነው። ርቱዕ ደንብ ሰዎች ሀብታም ይሁኑ ድሃ የገዛ ዕጣቸውን ሳያውቁ የሚስማሙበት ነው። በመሆኑም የማንም መሠረታዊ ነጻነት ለድምር ጥቅም አይለወጥም፤ የኑሮ ልዩነትም ተቀባይነት የሚያገኘው በዝቅተኛ ደረጃ የሚገኙትን ይበልጥ ሲጠቅም ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱንም አጣምሮ ይዟል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መንግሥት ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ በመክፈል የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም እንዲወስድ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት ሰጥቷል።

አዋጅ ቁጥር 455/1997 ምትክ መሬት ላላገኘ አርሶ አደር የማፈናቀያ ካሳውን ከመሬቱ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በበኩሉ ካሳውን በሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አድርሶታል። ለውጡ የሚዛኑ ጫፍ ወደ ርትዕ ማዘንበሉን ያመለክታል።

ስለሆነም ለአስፈጻሚ አካላት «ፕሮጀክቱ ለሕዝብ ጥቅም ነው» ማለት የግማሹ ጥያቄ መልስ ነው። ቀሪው ግማሽ መሬቱን የሚለቀው አርሶ አደር ነገ በምን ይኖራል የሚለው ሲሆን፣ ካሳው በዘገየ ቁጥር የብዙኃኑ ጥቅም በጥቂቶች ኪሳራ የተገዛ ይሆናል።