ኮሌጅ ከመምረጣችሁ በፊት፦ ለተማሪዎችና ለወላጆች

የፎርም 4 ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ካኩማ አንድ ውስጥ ካሉት ቡና ቤቶች በየትኛውም ቢገባ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?» ወላጆችም መንገድ ላይ ሲያገኙን ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። እኛም መምህራን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንመልሰው አንድ ስም በመጥራት ነው። ይህ ጽሑፍ ስም ከመጠራቱ በፊት ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ለማስረዳት የቀረበ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ተማሪያችን ሲ ማይነስ አመጣ። ውጭ አገር ያለ አጎቱ «እኔ እከፍላለሁ» አለና ልጁ ናይሮቢ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ በላቦራቶሪ ሙያ ዲፕሎማ ለመማር ተመዘገበ። የኮሌጁ ብሮሹር ያምር ነበር፤ ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ይታያሉ። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ኮሌጁ ፈቃድ እንዳለው ጠይቄ ፎቶ ኮፒውን አይቻለሁ። ያልጠየቅሁት ነገር ቢኖር ፈቃዱ ለየትኛው ትምህርት እንደተሰጠ ነው። ለካ ፈቃዱ ለኮምፒዩተርና ለሂሳብ አያያዝ እንጂ ለላቦራቶሪ አልነበረም። ልጁ ይህን ያወቀው ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሮ በሙያው ለመመዝገብ ሲያመለክት ነው። የአጎቱ ገንዘብም ሆነ የልጁ ሁለት ዓመት አልተመለሰም። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሲያገኘኝ እንደ ድሮው «ቲቸር» ብሎ ይጨብጠኛል፤ እኔ ግን ዓይን ዓይኑን ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ፈቀደለት? ለየትኛውስ ትምህርት?» የሚል ይሁን። በኬንያ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው በ2012 በወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ነው። የቴክኒክና የሙያ ኮሌጆችን የሚመዘግበው ደግሞ በ2013 ሕግ የተቋቋመውና በአጭር ስሙ ቲቬታ የሚባለው ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም የፈቀዱላቸውን ተቋማት ዝርዝር ለሕዝብ ስለሚያወጡ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ሰው ራሱ ሊያየው ይችላል። የጤና ሙያ ሲሆን አንድ ተጨማሪ በር አለ። ነርሶች፣ ክሊኒካል ኦፊሰሮች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የሚመዘግባቸው የራሳቸው ምክር ቤት ወይም ቦርድ አላቸው። ቦርዱ ያላወቀውን ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ምንም ያህል ቢያውቅ መርፌ አይወጋም፣ ደም አይመረምርም።

ከዚሁ ጋር ፈተናውን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የኬንያ ብሔራዊ የፈተናዎች ምክር ቤት ነው? ለሂሳብ ሙያ ከሆነ ካስኔብ ነው? ለግንበኝነት፣ ለብየዳ፣ ለልብስ ስፌትና ለመሳሰሉት ከሆነ የሙያ ፈተና የሚሰጠው ናይታ ነው? ኮሌጁ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ከሆነ ግን ዋጋው ከኮሌጁ አጥር አይርቅም።

ወደ ውጤት እንለፍ። በኬንያ አሠራር ለዲግሪ ሲ ፕላስ፣ ለዲፕሎማ ሲ ማይነስ፣ ለሰርቲፊኬት ዲ ዝቅተኛ መግቢያ ሆነው ይሠራባቸዋል። በዲ ውጤት «ዲፕሎማ እናስገባለን» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ውለታ እየዋለላችሁ አይምሰላችሁ፤ ከክፍያ ሌላ የሚመለከተው የለም ማለት ነው። ዲ ያመጣ ተማሪ ያለው መንገድ በሰርቲፊኬት ገብቶ ወደ ዲፕሎማ፣ ከዚያም ወደ ዲግሪ መውጣት ነው። መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ይወጣል። እኛ ወላጆች እዚህ ላይ እናስቸግራለን። «ሰርቲፊኬትማ ምን ይሠራል፣ የእገሌ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ» እያልን ልጁን ከአቅሙ በላይ ወደሆነ ቦታ እንገፋዋለን። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

አማካይ ውጤት ብቻውን በቂ አለመሆኑንም ልብ በሉ። ነርስነት የሚፈልግ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ሒሳብና ፊዚክስ ይጠየቃል። የእኛ ልጆች ከስዋሂሊ ጋር ያላቸውን ትግል የምታውቁት ነው። ከ2023 ፈተና ጀምሮ ግን አማካዩ ሲሰላ ሒሳብና ከቋንቋዎች ተማሪው የተሻለ ያመጣበት አንዱ በግዴታ ይያዛሉ፤ የቀሩት ከፍተኛ ውጤት የተገኘባቸው አምስት ትምህርቶች ናቸው። ስለዚህ ስዋሂሊ ጣለኝ የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አይሠራም፤ ለእንግሊዝኛው መትጋት ነው። በአዲሱ ሥርዓት የሚማሩት ታናናሾቻችሁ ደግሞ 10ኛ ክፍል ሲገቡ ከሦስት መስመሮች አንዱን ይመርጣሉ። የሳይንሱን መስመር ያልያዘ ልጅ በኋላ ሐኪም መሆን ቢፈልግ ይቸገራል። የኮሌጅ ምርጫ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አገር ቤት 10ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ጨርሳችሁ የመጣችሁ የኢትዮጵያ ሰርቲፊኬታችሁ አቻ ግምት እንዲሰጠው ማመልከት ይኖርባችኋል። ዋናውን ወረቀት ለማንም ደላላ አሳልፋችሁ አትስጡ።

አሁን ስለ ገንዘብ። ለኬንያውያን ተማሪዎች የሚሰጠው የመንግሥት የትምህርት ብድር የዜግነት መታወቂያ ስለሚጠይቅ ለእኛ አይሆንም። ያሉን በሮች የነፃ ትምህርት ዕድልና የቤተሰብ ገንዘብ ናቸው። ከነፃ ዕድሎቹ በሰፊው የሚታወቀው ዳፊ የሚባለው ነው። የጀርመን መንግሥት ከ1992 ጀምሮ በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በኩል የሚሰጠው ሲሆን የተሰየመው እሱም በዘመኑ ስደተኛ በነበረው በአልበርት አንስታይን ስም ነው። ዳፊ ያገኘ ተማሪ የሚማረው በተጠለለበት አገር ነው፤ ለእኛ ኬንያ ማለት ነው። ሁለተኛው ዉስክ የሚባለው የካናዳ ድርጅት ከ1978 ጀምሮ የሚያካሂደው የስደተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም ነው። በዚህ የሚመረጡት ወጣቶች ካናዳ የሚገቡት እንደ ቋሚ ነዋሪ ሲሆን፣ ወጪያቸውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ካናዳውያን ተማሪዎች ከክፍያቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ዶላር እያዋጡ ነው። እናንተን የማያውቁ እኩዮቻችሁ መሆናቸው ነው። በዚህ ፕሮግራም ኮሌጁን የሚመርጠው ተማሪው ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው፤ የደረሰውን መቀበል ይጠይቃል።

ሁለቱም ቦታቸው ጥቂት ነው። በ2019 በዓለም ላይ ካሉ ለከፍተኛ ትምህርት የደረሱ ስደተኞች ኮሌጅ የገቡት 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2030 15 ከመቶ ለማድረስ ታቅዷል። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም ዕድሉን የሚጠባበቀው ሰው ብዙ ነው። ሰው ሲበዛ ደግሞ ደላላ አይጠፋም። ማመልከቻ ለመሙላትም፣ ስም ለማስገባትም፣ «ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚል ሰውም የሚከፈል አንድም ሽልንግ የለም። ገንዘብ በኤም ፔሳ ላኩ የሚላችሁ ሁሉ አጭበርባሪ ነው፤ የአገር ልጅ ቢሆንም።

በቤተሰብ ገንዘብ የምትማሩ ከሆነ የአንድ ተርም ክፍያ አይታችሁ አትወስኑ። የመመዝገቢያ፣ የፈተና፣ የላቦራቶሪ፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ የትራንስፖርት፣ በመጨረሻም አታችመንት ለሚባለው የሥራ ልምምድ የሚያስፈልገው ሁሉ ተደምሮ እስከ ምረቃ ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ስደተኛን እንደ ውጭ አገር ተማሪ ቆጥረው ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቁ ተቋማት አሉ፤ እንደ ኬንያዊ የሚያስከፍሉም አሉ። ይህን አስቀድሞ አለመጠየቅ ብዙዎችን በሁለተኛው ዓመት አስቁሟል። አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ለአንድ ዓመት ቃል ስትገባ ለሦስት ዓመት እንዳልሆነ ተነጋገሩ። እሷም እኮ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች።

ቦታን በተመለከተ ሩቁ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ዶን ቦስኮ እዚሁ ካምፑ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሙያ ሲያስተምር ቆይቷል። በ2010 ጄስዊቶች ያስጀመሩት ፕሮግራም የካኩማ ተማሪዎች ከካምፑ ሳይወጡ በኢንተርኔት ተምረው አሜሪካ ካለው ከሬጂስ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሎድዋር የቱርካና ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለ። ከካምፕ ውጭ ለሚማር ሁሉ ሙቭመንት ፓስ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ከኮሌጁ የመግቢያ ደብዳቤ ጋር የሚቀርብ ስለሆነ ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀር አይሮጥበትም።

ሴት ልጅን ርቆ መላክ የሚያስፈራቸው ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱ ምክንያት የለውም አልልም። ግን «አይሆንም» ከማለት በፊት ኮሌጁ የሴቶች መኝታ በግቢው ውስጥ አለው ወይ፣ በሩ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ እዚያ የምትማር የእኛ ልጅ አለች ወይ ብለው ይጠይቁ። ካለች በስልክ ያነጋግሯት። ጥያቄው መልስ ካገኘ ልጅቷ ቤት የምትቀርበት ምክንያት አይኖርም።

የምንማረው ሙያ የት እንደሚያገለግለን ደግሞ ከሁሉም የከበደ ጥያቄ ነው። እዚህ ለመሥራት ሕጉ ስደተኛ ክላስ ኤም የተባለውን የሥራ ፈቃድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ማግኘቱ ግን ረጅም ጉዳይ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር ከተሄደ ሐኪምም፣ ነርስም፣ ጠበቃም በአዲሱ አገር እንደገና መፈተን አለባቸው። ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የሂሳብ አያያዝ፣ የኮምፒዩተር ጥገና ግን ካምፕ ውስጥም፣ አዲስ አበባም፣ ሚኔሶታም እጅን ሥራ አያስፈቱም። በእኔ አስተያየት ለቤተሰቡ የመጀመሪያ የሆነ የኮሌጅ ተማሪ ቶሎ እንጀራ የሚያበላውን ቢያስቀድም ይሻላል፤ ይህን የማይቀበሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ልጁ የወደደውን ይማር ይላሉ። እነሱም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ያልወደዱትን ጀምረው ያቋረጡ አይተናልና።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም እንስማማለን። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ብሎ ትምህርት አለመጀመር ትልቅ ስሕተት ነው። ኢንተርቪው ጨርሰው ዛሬ ነገ እያሉ ዓመታት የተቀመጡ ወጣቶች በየብሎኩ አሉ። በዚያው ጊዜ ዲፕሎማ ይጨረስ ነበር። ፕሮሰሱ ከመጣም የተማራችሁባቸውን ኮርሶችና ውጤታችሁን የሚያሳየውን ወረቀት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ አዲሱ ኮሌጅ ሊያስብላችሁ ይችላል። ስለዚህ በየተርሙ መጨረሻ ማኅተም ያለበት የውጤት ወረቀት ጠይቃችሁ ውሰዱ።

በመጨረሻ ስለ ስምና ስለ ልደት ቀን። የአንድ ልጅ ስም በምዝገባ ወረቀቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በፈተና ሰርቲፊኬቱ ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ይገኛል፤ አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ኮሌጁና የነፃ ዕድል ሰጪው ሁለቱን ወረቀቶች እንደ ሁለት ሰው ያዩአቸዋል። የልደት ቀኑ የባሰ ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1999 የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው በ2006 ነው። እናቱ «1999» ብላ ያስመዘገበች እንደሆነ ልጁ ባንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አርጅቷል፤ የነፃ ዕድሎቹ ደግሞ የዕድሜ ገደብ አላቸው። እርማቱ ወራት ስለሚፈጅ የፎርም 4 ውጤት እስኪወጣ መጠበቅ አይገባም። ማመልከቻ ለመጻፍ ርዳታ የሚፈልግ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የምዝገባ ወረቀቱንና ያለውን ሰርቲፊኬት ሁሉ ይዞ መምህራን ክፍል ይምጣ።